በሁለቱ ሰንበት መካከል

ሃይማኖት ያለው ሰው በራሱ ልብ ሊያስብ ይችላል ወይ የሚለው ክርክር በኢትዮጵያውያን መካከል ሲነሣ ብዙ ሳይቆይ ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ ይጠራል። መጽሐፉ ስለ ራሱ እንደሚናገረው ደራሲው በአክሱም አካባቢ የተወለደ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ተሰድዶ በዋሻ የተቀመጠ፣ በዚያም ሃይማኖቶችን ሁሉ በልቡናው የመረመረ ሊቅ ነው። ብራናው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ከተባለ ካፑቺን ሚሲዮናዊ እጅ ወጥቶ ወደ ፈረንሳይ የተላከ ነው። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ድርሰቱ የሚሲዮናዊው የራሱ ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ፣ የፍልስፍና ሊቁ ክላውድ ሰምነር በተቃራኒው ቆሞ ብዙ ቢሟገትም፣ ነገሩ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም። ስለዚህ በእርሱ ላይ ብቻ ቆሞ መከራከር አይበጅም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሐተታውን አስቀድሞ የመጥራቱ ልማድ ራሱ ነው። ልማዱ አንድ ነገር ሳይመረምር ይቀበላል፤ በአገራችን ያሰበ ሰው ካለ ከእምነት ወጥቶ ዳር የቆመ መሆን አለበት፣ እምነቱ ውስጥ የቀሩት ግን የተሰጣቸውን የሚደግሙ ናቸው ይላል። የ14ኛውና የ15ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ የሚያሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው። በዚያ ዘመን ከሥልጣን ተለይተው ያሰቡት ሰዎች የጸኑ አማኞች ነበሩ፤ ድፍረቱንም የሰጣቸው እምነታቸው ነው። አፋቸውን ያዘጋው ደግሞ እምነት ሳይሆን፣ የአንድ ወገን እምነት በንጉሥ ቃል ሕግ ሆኖ መታወጁ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሠራዬ ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚያ ደቀ መዛሙርት ሰብስቦ ሲያስተምር፣ ከእሑድ ጋር ቀዳሚቱ ሰንበትም ትከበር አለ። ለዛሬ ሰው የአንድ ቀን ዕረፍት ጉዳይ ቀላል ሊመስለው ይችላል። በዘመኑ ግን ጥያቄው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ላይ የመጨረሻው ቃል የማን ነው የሚል ነበር። ጳጳሱ ከእስክንድርያ የሚላክ ግብፃዊ ነበር፤ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜን የአይሁድ ሥርዓት አድርጋ ትታው ነበር፤ ጳጳሱም ይህንኑ ያዝዝ ነበር። ኤዎስጣቴዎስ ለዚህ የሰጠው መልስ ራእይ አየሁ ወይም አባቶቼ እንዲህ አሉኝ የሚል አልነበረም። አሥሩን ትእዛዛት ጠቀሰ፤ የሐዋርያት ናቸው ተብለው የሚከበሩትን የሲኖዶስና የዲድስቅልያ ቀኖናዎች ጠቀሰ፤ እነዚህ መጻሕፍት ሁለቱንም ቀን ያዝዛሉ። ጳጳሱ እጁን የጫነበትን መጽሐፍ ጳጳሱን መሞገቻ አደረገው ማለት ነው። ይህ አካሄድ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ሹመት ያለው ሰው ሊሳሳት ይችላል፣ ስሕተቱንም ሹመት የሌለው ሰው ከመጽሐፍ ገልጦ ሊያሳይ ይችላል ብሎ ማመንን። በራስ ማሰብ ከዚህ የተለየ ምን ሊሆን እንደሚችል አላውቅም።

ዋጋው ከባድ ነበር። ኤዎስጣቴዎስ በ1330ዎቹ መጨረሻ አገሩን ለቅቆ ወጣ። ገድሉ እንደሚተርከው በግብፅ ከፓትርያርኩ ፊት ሳይቀር በዚሁ ጉዳይ ተከራክሮ፣ ኢየሩሳሌምንና ቆጵሮስን አልፎ፣ በ1352 በአርመን አረፈ። አገር ቤት የቀሩት ደቀ መዛሙርቱ ክህነት ተከለከሉ፤ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከቤተ መንግሥት ተገፉ። በመነኩሴ ሕይወት ውስጥ ክህነት መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ቀዳሽ ካልተሾመ ቅዳሴ አይኖርም፤ ቅዳሴ ከሌለ ቁርባን የለም፤ ለአንዲት ቀን አከባበር ብለው ለነፍሳቸው ድኅነት ያስፈልጋል ብለው የሚያምኑትን ነገር አደጋ ላይ ጣሉ። እንዲያም ሆኖ አልተበተኑም። አባ አብሳዲ በቆሓይን ደብረ ማርያምን፣ አባ ፊልጶስ ደብረ ቢዘንን መሠረቱ፤ ከማእከሉ ርቀው በሰሜኑ ዳርቻ አስተማሩ፣ ጻፉ፣ ሰዉን ወደ ራሳቸው ሳቡ። አንድ ሰው ያለ ጥቅም፣ እንዲያውም ከጥቅሙ ጋር ተጣልቶ፣ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ አንድን አሳብ ሲጠብቅ ግትርነት ነው ሊባል ይችላል። ግትርነት ግን ክርክርን ይሸሻል፤ እነዚህ ጉባኤ ይደረግ እያሉ የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ።

ዐፄ ዳዊት በ1400 ገደማ አባ ፊልጶስንና ባልንጀሮቹን አስጠርቶ ከጳጳሱ ከአቡነ በርተሎሜዎስ ፊት አቀረባቸው። አሳባቸውን አንለውጥም ስላሉም ታሰሩ። በ1404 አካባቢ ግን ንጉሡ እስራታቸውን አንሥቶ፣ ቅዳሜን እንዲያከብሩና ወደ አብያተ ክርስቲያናትም እንዲገቡ ፈቀደ። ውሳኔው ሌላውን ሁሉ ቅዳሜን አክብር አላለም። በአንድ መንግሥት ሥር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሁለት ዓይነት ሰንበት አክባሪዎች ጎን ለጎን እንዲኖሩ ተወ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ውሳኔ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ለሁሉ ወደታወጀበት የ1450 ጉባኤ መሸጋገሪያ አድርገው ያልፉታል፤ እኔ ግን ከጉባኤው የሚበልጥ ቁም ነገር ያለው ይመስለኛል። ንጉሡ ይህን ያደረገው ከቸርነት ላይሆን ይችላል፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆች በሰሜን በርትተው ስለነበር እነርሱን ማስቀየም ለመንግሥቱ አይጠቅምም። ምክንያቱ ምንም ይሁን ውጤቱ ግን አርባ ስድስት ዓመት የቆየ ክፍት ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ማን ቆመበት? አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ምሥጢርን በ1424 የፈጸመው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። መጽሐፉ መናፍቃን የሚላቸውን አንድ በአንድ እያነሣ የሚሞግት ነው፤ አንባቢም የተቃዋሚዎቹን አሳብ ሳያውቅ መልሱን ሊከተል አይችልም። ጊዮርጊስ በቤተ መንግሥት አካባቢ ያደገ፣ የኤዎስጣቴዎስ ወገን ያልሆነ ሰው ሆኖ ሳለ በሰንበት ጉዳይ ግን ከእነርሱ ጋር ነበር። ሰፈሩና አሳቡ ያልገጠመለት ሰው መገኘቱ በዚያ ዘመን ሰዎች በወገን ሳይሆን በማስረጃ ወዲህና ወዲያ ይሄዱ እንደነበር ያመለክታል።

ከዚያ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መጣ። ከሐተታው ባለቤት ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። በ1434 የነገሠው ይህ ሰው ራሱ የተማረ ጸሐፊ ነበር፤ መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በስሙ ይጠራሉ። በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስቦ፣ ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ቅዳሜን እንዲቀበሉ፣ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከጳጳሳቱ ክህነት እንዲቀበሉ አስማማ። መቶ ዓመት ያለፈው ጠብ አበቃ፤ የተሰደደው አሳብ ረታ። በዚህ ደስ የማይለው ያለ አይመስልም፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጻሕፍትም እንደ ድል ይጽፉታል። ነገር ግን በዚያች ቀን የቅዳሜ ነገር ባሕርዩ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ቅዳሜን የሚያከብር ሰው መጽሐፍ መርምሮ፣ አመዛዝኖ፣ ዋጋ ከፍሎ ነበር የሚያከብረው፤ ከዚያ በኋላ ንጉሥ ስላዘዘ ያከብራል። ንጉሡም የሚያዝዘው ይህን ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንን የካደበትንም ቃል በክንዱ ላይ እንዲጽፍ አዋጅ አስነገረ፤ በጣዖት አምልኮ የተጠረጠረውን፣ የገዛ ልጆቹን ጭምር፣ ቀጣ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ያሸነፉበት ክርክር ሌላ ክርክር የማይቻልበት ዘመን መክፈቻ ሆነ።

ለዚህ ምስክሮቹ ደቂቀ እስጢፋኖስ ናቸው። አባ እስጢፋኖስ የአጋሜ ሰው ነው፤ ስግደት ለሥላሴ እንጂ ለፍጡር አይገባም ብሎ ለንጉሥ አልሰግድም አለ። ተከታዮቹ ከቤተ መንግሥት ስጦታ ርቀው በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ፣ መጻሕፍትን የሚገለብጡ መነኮሳትና መነኮሳይያት ነበሩ። ጠላቶቻቸው ፀረ ማርያም አሏቸው፤ እነርሱ ግን ክሱን አልተቀበሉም። እስጢፋኖስ በእስር ሳለ ሞተ፤ ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ ተገደሉ። የተረፉት በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ተሰብስበው ታሪካቸውን በራሳቸው ብዕር ጻፉ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ወደ አማርኛ መልሰውት ዛሬ ሁሉም ሊያነበው ይችላል። ያንኑ ጽሑፍ ያነበበ ሰው በአንድ ነገር መገረሙ አይቀርም። እስጢፋኖስ የሚከራከረው ልክ እንደ ኤዎስጣቴዎስ ነው፤ መጽሐፍ ይጠቅሳል፣ ምክንያት ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል። የደረሰባቸው ነገር ግን የተለያየ ነው። ቅዳሜ የንጉሡን ዙፋን አይነካም ነበርና ሊፈቀድ፣ ኋላም ሊታወጅ ቻለ። አለመስገድ ግን ዙፋኑን ራሱን ነካ። ንጉሡ ኤዎስጣቴዎሳውያንን ሲያቅፍና እስጢፋኖሳውያንን ሲቀጣ የለየው እምነት ከአሳብ አልነበረም፤ የማይጎዳውን አሳብ ከሚጎዳው ለየ።

እዚህ ላይ ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ እነዚህ ሰዎች አንዱን ጌታ በሌላ ጌታ ተኩ እንጂ በራሳቸው አላሰቡም ይላል። እስጢፋኖስ ሥላሴን አልተጠራጠረም፤ ኤዎስጣቴዎስ የሲኖዶስ መጽሐፍ በእውነት የሐዋርያት ነው ወይ ብሎ አልጠየቀም። እውነት ነው፣ አልጠየቁም። ነገር ግን ከምንም ሳይነሣ የሚያስብ ሰው የለም፤ ዛሬም በራሱ የሚያስበው ሰው ከተቀበለው ነገር ተነሥቶ ነው የሚያስበው። የሚለየው ምንድር ነው ቢባል፣ ከተቀበለው ነገር ተነሥቶ በላዩ ሥልጣን ካለው ሰው ፊት ሌላ መደምደሚያ ላይ መድረስ መቻሉ፣ ያን መደምደሚያም ሌላው ሊመዝነው በሚችል ምክንያት ማስረዳቱ ነው። በዚህ መለኪያ ሁለቱም አልፈዋል። እንዲያውም ከንጉሥ የሚበልጥ ዳኛ አለ ብሎ የማያምን ሰው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለንጉሥ አልሰግድም ለማለት ምን መቆሚያ ያገኝ ነበር? በዚያ ዘመን ከዙፋኑ ውጭ የቆመ ሌላ ሥልጣን ማግኘት የሚቻለው በሃይማኖት ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። አሳዳጁም አማኝ ነው፤ ዘርዐ ያዕቆብ የቀጣው ስለማያምን ሳይሆን ከልቡ ስለሚያምን ነው። ይህን መካድ አይቻልም። እምነት ለኤዎስጣቴዎስ የሰጠውን ጽናት ለንጉሡም ሰጥቶታል። ስለዚህ እምነት ብቻውን ለነጻ አሳብ ዋስትና ነው ብዬ አልከራከርም። ልዩነቱን የፈጠረው በእጃቸው ያለው ነገር ነው፤ የአንዱ መሣሪያ መጽሐፍና ጉባኤ ነበር፣ የሌላው አዋጅና ጅራፍም ነበረበት። ዐፄ ዳዊትም ያምን ነበር፤ እርሱ በ1404 ያደረገው ግን ልጁ ዘርዐ ያዕቆብ ያደረገውን አይመስልም። አባትና ልጅ በአንድ ሃይማኖት እያሉ ይህን ያህል ከተለያዩ፣ ልዩነቱን ከሃይማኖቱ ይዘት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ያው መልክ በኋላም ተደጋግሟል። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ ገልጦ፣ ከ1626 ጀምሮ ደግሞ ከሮም የተላከው ፓትርያርክ ሜንዴዝ ሥርዓቱን ሁሉ በላቲን ሥርዓት ልለውጥ ሲል፣ ከተቃወሙት መካከል ወለተ ጴጥሮስ ነበረች፤ ባሏ የንጉሡ የጦር አለቃ ነበር። ባሏን ትታ መነኮሰች፣ ለንጉሡ አልታዘዝም ብላ ተሰደደች፣ ተከታዮች ሰብስባም ማኅበር መሠረተች። በ1672 የተጻፈው ገድሏ ባልን፣ ንጉሥንና ፓትርያርክን በአንድ ጊዜ እምቢ ያለች ሴት ታሪክ ነው፤ የእምቢታዋ መሠረት ደግሞ ሃይማኖቷ ብቻ ነው። በ1632 ሱስንዮስ ተረትቶ የቀድሞው ሃይማኖት ሲመለስ ግን ልጁ ፋሲለደስ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን፣ ኢየሱሳውያንን፣ አባረረ፤ ካቶሊካዊነት በተራው የተከለከለ ሆነ። ከዚያም ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው የቅባት፣ የተዋሕዶና የጸጋ ክርክር ጎንደርን ሁለት መቶ ዓመት አናወጣት፤ በ1878 በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ አስነብቦ ሦስት ልደት የሚሉትን የጸጋ ወገኖች አስረታ፣ ምላስ የተቆረጠባቸው እንደነበሩም ተጽፏል። በዚያው ዓመት የወሎ ሙስሊም መሪዎች ኢማም መሐመድ አሊና ኢማም አመዴ ሊበን ክርስትና እንዲነሡ ተደረገ። ይህን አልቀበልም ብሎ የተነሣው ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር በመንዙማው ሕዝቡን ሲቀሰቅስ የቆመበት መሠረት፣ ሃይማኖቱ ሌላ ይሁን እንጂ፣ የእስጢፋኖስ መሠረት ነው፤ ከንጉሥ በላይ የምታዘዘው አለ የሚል።

ይህ ሁሉ የጠብ ታሪክ ነውና አንድ ሰው፣ በእምነት ውስጥ ማሰብ የሚገኘው በስደትና በጅራፍ ጊዜ ብቻ ነው ወይ ሊል ይችላል። አይደለም። በሰላም ጊዜ ያሰቡበት ቦታ ቅኔ ቤት ነበር። እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ ያሉ ስማቸው የገነነ የቅኔ ቤቶች ከዜማ ቤት በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያሉ። የዜማ ተማሪ መምህሩ ያለውን ያለ ቅንጣት ስሕተት ይደግማል፤ የቅኔ ተማሪ ግን መምህሩ ያለውን ከደገመ ተዋረደ። ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ በየዕለቱ አዲስ ይቆጥራል፤ ሲመሽ ለአስነጋሪው ይነግራል፤ አስነጋሪውም ምሥጢሩን፣ አገባቡን፣ ልኩን ይመረምራል። በቤተ ክርስቲያን የተባለ ቅኔ አይደገምም። አንድ ሃይማኖታዊ ተቋም የአምልኮውን አንድ ክፍል ከተባለው ሌላ እንዲባል ብሎ ሲሠራ ቀላል ነገር አይደለም። አለቃ ለማ ኃይሉ ለልጃቸው ለመንግሥቱ ለማ የተረኩላቸውና መጽሐፈ ትዝታ ተብሎ የታተመው ትውስታ የዚህን ዓለም ፉክክርና ቀልድ በደንብ ያሳያል። ሰሙ ጻድቁን ሲያመሰግን ወርቁ አለቃውን ሲወጋ፣ በግእዝ ጥላ ሥር ያልተነካ ባለሥልጣን አልነበረም።

ግን እዚህም ላይ ማጋነን አይገባም። የቅኔ አዲስነት አብዛኛውን ጊዜ የአነጋገር አዲስነት ነው፤ ምሳሌው ይለዋወጣል፣ ምሥጢረ ሥላሴ ግን ባለበት ይቆያል። ተማሪው ቃልን ከቃል ማጋጨት ሲሠለጥን የተፈጥሮን ነገር በመለካትና በመፈተን አልሠለጠነም። ከዚህም በላይ ያ ስለት በሰምና ወርቅ መሸፈኑ ጥበብም ፍርሃትም ነው፤ በግልጽ ሊባል የማይችል ነገር ስላለ ነው የተሸፈነው። ቢሆንም ትምህርቱ ያፈራውን ማየት ይገባል። ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ቤት ወጥተው የአማርኛ ቴአትር ከጀመሩት አንዱ ሆኑ፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም ቅኔ ተምረው አድገው ፍቅር እስከ መቃብርን ጻፉ። የልብ ወለዱ ጉዱ ካሣ፣ የመኳንንቱን ሥርዓት ከውስጡ ሆኖ የሚያፈርሰው ሰው፣ ከውጭ አገር የመጣ አሳብ ይዞ የተነሣ አይደለም፤ አገር ቤት የተማረ፣ የራሱን ወገን በራሱ ሚዛን የሚመዝን ነው።

ከቅኔ ቤት ቀጥሎ ያለው የመጻሕፍት ቤት ሌላ ልማድ ያስተምራል። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ ለአንድ ኃይለ ቃል አንድ ትርጉም ሰጥቶ አያበቃም፤ አንድም እያለ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ይደረድራል፤ አንዳንዴ የሚጋጩትን ሁሉ አብሮ ያስቀምጣል፣ ተማሪውም ሁሉንም ይይዛል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር መምህር ኤስድሮስ ትርጓሜውን አዲስ አድርጎ ሲያዘጋጅ ነባሩን የያዙት አልተከተሉትም፤ እነዚያ ላይ ቤት፣ የእርሱ ደግሞ ታች ቤት ተባሉ፤ ሁለቱም በአንዲት ከተማ ውስጥ ጉባኤ ዘርግተው አስተማሩ። ከጊዜ በኋላ የታች ቤቱ እየገነነ ሄደ፤ የገነነው ግን ተማሪ ስለበዛለት ነው። ዙሪያቸውን የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር በነገሥታት ጉባኤ ሲዳኝ፣ ሲያስወግዝና ደም ሲያፋስስ፣ የላይ ቤትና የታች ቤት ልዩነት ሰው እንዳስቀጣ አልሰማንም። ሰዎቹ ከሌሎቹ ይልቅ ትዕግሥተኞች ስለነበሩ አይመስለኝም፤ ያው ሊቃውንት በምሥጢረ ተዋሕዶ ጉዳይ ሲወጋገዙ እናገኛቸዋለን። በአንድ የመዝሙር ቃል ትርጉም መንግሥቱን የሚያጣም የሚያገኝም ንጉሥ ስለሌለ፣ ለመዳኘት የቸኮለ ቤተ መንግሥት አልነበረም።